ማን ያጎርስሻል?

መስከረም 23

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ቀን ስለማይበዛ ይጻፍ።

ታካሚዬ ከአጋሮ የመጣች ልጅ ናት። ሳሊሀ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ካገባች አራት ወሯ። ለቀማ ሳይገባ ከባሏ ቤተሰብ ጋር የቡናውን ሥር ሲመነጥሩ ቆይተው ቤት ገብተዋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ገጀራ ሲወድቅ ልቅለበው ብላ በስለቱ በኩል ያዘችው። የቀኝ እጇ የመሀልና የቀለበት ጣት ጅማቶች ተበጥሰዋል። "እጠፊ" ስላት ሌሎቹ ይታጠፋሉ፤ እነዚያ ሁለቱ ቀጥ ብለው ይቀራሉ።

ልብስ ሰፊ ናት። አጋሮ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የራሷ የስፌት መኪና አላት። ስለ ሕመሙ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ፣ "ዶክተር፣ መቀስ እይዝበታለሁ?" አለችኝ። "ትይዥበታለሽ" አልኳት። አፌ ፈጥኖ ነው እንጂ እንዲህ ተብሎ ቃል አይሰጥም።

ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። የተቆረጠው የድሮ መጻሕፍት "እዚህ ማንም እጁን አያስገባ" የሚሉት ቦታ ላይ ነው። ጅማቱ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው የሚመላለሰው፤ ስፌቱ ከወፈረ ይይዘዋል፣ ከቀጠነ ይለቃል። አንገቴ ደርቋል፤ ግን ስፌቱ አማረ። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ፍስሐ በትከሻዬ በኩል ሲያዩ ቆይተው፣ "ጎሳዬ፣ ይቺን ነው ይዘህ የምትሄደው" አሉኝ።

የህንዱን ማለታቸው ነው። ህዳር 17 እበራለሁ፤ ስድስት ወር፣ ጎብኚ ሐኪም ሆኜ የእጅ ቀዶ ጥገና ብቻ ልማር። እያንዳንዱ ጎብኚ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የራሱን ታካሚ ከነቪዲዮው ያቀርባል። የሚፈልጉት የስምንተኛውን ሳምንት ውጤት ነው። የሳሊሀ ስምንተኛ ሳምንት ህዳር 19 ይሞላል። ሁለት ቀን ይጎድላል። ሁለት ቀን ማን ይቆጥራል? እኔ።

የነገርኳት፦ ለስድስት ሳምንት ይህ ያሰርኩልሽ የጣት ድጋፍ ከእጅሽ አይወልቅ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ፈድሊያ ከምታሳይሽ እንቅስቃሴ በቀር በዚህ እጅ ምንም ሥራ እንዳትሠሪ። አማቷ አዴ ፈሂማ አብረዋት መጥተው ነበር። "ወላሂ ውሃ እንኳ አናስቀዳትም" አሉኝ።

መስከረም 26

ሻንጣ ልገዛ የጅማችን መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ ኢስሃቅ ከልጅነቴ ያውቀኛል።

"ህንድ ነው አሉ የምትሄደው?"

"አዎ።"

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልብህ ነው ኩላሊትህ?"

በዚህ ከተማ ህንድ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ሊታከም ነው። ልማር ነው ብዬ ባስረዳው፣ ባስረዳው፣ "ኢንሻአላህ ትድናለህ" ብሎ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነልኝ። ጅሬን ሄጄ ለእማዬ ብነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። "ሦስት ሰው ደውሎ ጠየቀኝ፤ አንዷማ አለቀሰች" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አይታ፣ "እውነት ግን ከስተሃል" አለች።

መስከረም 30

ሳሊሀ አንደኛ ሳምንት። ቁስሉ ንጹህ። ፈድሊያ ጣቶቹን በሌላው እጅ እያጠፈች እንዴት እንደምትለማመድ አሳየቻት። በኦሮምኛ እያወሩ ሲሳሳቁ ነበር። ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅኩም። ስድስት ታካሚ ቀርቶኝ ነበር።

ጥቅምት 6

ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ደብዳቤ። ካልተመለስኩ ተጠያቂ የሚሆን ዋስ ያስፈልጋል ተባልኩ። ዶክተር ፍስሐ ፈረሙልኝ። "ስሜን ነው የሰጠሁህ" አሉ እየሳቁ። ሳቃቸው ቀልድ እንዳልሆነ ነገረኝ።

ከህንድ የመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ። በተባለው ቀን ያልደረሰ ጎብኚ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ቀን አይዛወርም። ይህን መስመር አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሥራ አንደኛው አሁን ነው።

ከሆስፒታሉ ስወጣ የድሮ ታካሚዬን ገመቹን በሩ ላይ አገኘሁት። አምና በቡና መፈልፈያ ቀኝ እጁ የተበላ ጊዜ ቆርጠን ከመጣል ሌላ የምናውቀው አልነበረም። በዚህ ሁሉ የቡና አገር አንድ የእጅ ሐኪም የለም። ያን ቀን ማታ ነው የህንዱን ማመልከቻ የጻፍኩት። አሁን ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። ሰላም ሲለኝ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ "ይቅርታ ዶክተር፣ በግራ ነው" አለኝ። በየቀኑ ነው የሚለኝ። በየቀኑ "ኧረ ምንም አይደል" እላለሁ።

ጥቅምት 14

ሦስተኛ ሳምንት። ሁለቱም ጣቶች ይታጠፋሉ! በድጋፉ ውስጥ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ ግን በራሳቸው። ቀረጽኩት። አርባ ሰከንድ።

ሳሊሀ ራሷ አፏን ከፍታ ነው ያየችው። አዴ ፈሂማ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ እጄን ሊስሙ ፈለጉ፤ ሸሸሁ። ዶክተር ፍስሐ ቪዲዮውን ሲያዩ ሌሎቹን ጠርተው አሳዩ። "ይሄ እዚህ ነው የተሠራው በላቸው" አሉኝ።

ሰባት ጊዜ አየሁት። ይህን ደብተር ማንም ስለማያነብ ልጻፈው፤ እየበላሁም አየሁት።

ጥቅምት 21

አራተኛ ሳምንት።

የመሀል ጣቷ ጥሩ ነው። የቀለበት ጣቷ አልታጠፈም። ትንሽ እብጠት አለ። ያበጠ ጣት አይታጠፍም፤ የታወቀ ነው። ወይም ስፌቱ ዙሪያውን ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቋል። በአራተኛ ሳምንት መጣበቅ የተለመደ ነው።

"ወድቀሻል?" አልኳት።

"ኧረ አልወደቅኩም።"

"ሥራ ሠርተሽበታል?"

"ምንም አልሠራሁም።"

"ወላሂ ምንም አልሠራችም" አሉ አዴ ፈሂማ፤ ቅር ያላቸው ይመስላል።

ሲወጡ ፈድሊያ ቀረብ አለችኝ። "ዶክተር፣ ተጣብቆ ነው ወይስ ለቆ ነው? አንጓዋን ወደ ኋላ አጥፈህ አየኸው?" የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ደህና ጅማት ጣትን ይስባል፤ ጣቱ ሳይታዘዝ ጎበጥ ይላል። የተበጠሰ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው።

አልሞከርኩትም። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነበር፤ ለቪዛውም ፎቶ መነሳት ነበረብኝ። "ሁለት ሳምንት እንየው" አልኳት። ፈድሊያ ካርዱን አጥፋ ይዛ ወጣች። እሷ ሳትከራከር ከወጣች መጥፎ ነው።

ጥቅምት 22

ፎቶው ተመለሰ። ጆሮዬ አይታይም አሉ።

ጥቅምት 25

ደግሜ አነበብኩ። መጣበቅ፦ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ሳምንት የተለመደ። በልምምድ ይለቃል። ካልለቀቀ ከስድስት ወር በኋላ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይላቀቃል። ከስድስት ወር በኋላ እኔ ከህንድ እመለሳለሁ። ይገጥማል።

መበጠስ፦ ይህን ገጽ አላነበብኩትም ማለት አልችልም። በተበጠሰ በቀናት ውስጥ ከተከፈተ እንደገና ይሰፋል፤ ከቆየ ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ቱቦውም ይዘጋል። ግን እዚህ ጉዳይ ላይ አይመለከተንም። ተጣብቆ ነው። ለነገሩ ቢከፈትና ቢሰፋ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ስምንተኛው ሳምንት ታህሳስ 21 ይሆናል። ለምን እንዳሰላሁት እንጃ። ማስላት ልማዴ ነው።

ጥቅምት 28

ሳሊሀ ያለ ቀጠሮ መጥታ ነበር። እኔ ቀዶ ጥገና ላይ ነበርኩ። በቀጠሮሽ ነይ በሏት አልኩ። ከአጋሮ እዚህ ድረስ በሚኒባስ፣ በለቀማ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ቡናው ላይ ሆኖ ሳለ። በቀጠሮሽ ነይ በሏት አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ፈድሊያ ለነርሷ ስትናገር ሰማሁ። "አቦ ተዪው። ሻንጣ የሸከፈ ሰው ቁስል አይከፍትም።"

ስለ ሌላ ሐኪም ሊሆን ይችላል።

ህዳር 5

ዶክተር ፍስሐ፦ "ያቺ የአጋሮዋ ልጅስ?"

እኔ፦ "ትንሽ ጠንክሮባታል።"

እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚያዩኝ መስሎኝ ይሆናል። ከዚያ "ቪዲዮው አለህ አይደል?" አሉ።

አለኝ።

ህዳር 12

ሚካኤል። እማዬ ተስላ ኖሯል፤ ምን ብላ እንደተሳለች አትናገርም። ቤቱ ሞላ። የአባቴ የመሥሪያ ቤት ወዳጆች፣ የማኅበሯ ሴቶች፣ ከቦሳ ኪቶ የመጡ የድሮ ጎረቤቶች። ግማሾቹ "እንኳን ደስ አለህ" ይላሉ፤ ግማሾቹ "እግዜር ይማርህ" ይላሉ። ሁለቱንም አሜን አልኩ። አንድ ሽማግሌ በጆሮዬ፣ "እኔም ሄጄ ነበር፤ አትፍራ፣ ሲያደነዝዙህ አይታወቅህም" አሉኝ።

እማዬ እንግዶቹን አስተናግዳ ስትጨርስ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ህንዳዊት ይዘህ እንዳትመጣ" አለች። ከዚያ ያልነካሁትን ሳህን አይታ፣ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ልጄን አላውቀውም? በልጅነትህ ብርጭቆ ሰብረህ ስትደብቅ ነው እንዲህ የምትሆነው።"

ብርጭቆ አልሰበርኩም አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምግብ አልበላልኝ አለ፤ እሷም አጎረሰችኝ፤ በግድ፣ ሦስት ጊዜ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው።

ህዳር 15

የመጨረሻው ቀጠሮ። ሳሊሀ ብቻዋን መጣች። ድጋፉ ከወለቀ ቆይቷል። እጅግ ቀጥ ያለ አንድ ጣት። መቀስ በቦርሳዋ ይዛ መጥታለች። ልታሳየኝ ያዘችው፤ ልትቆርጥበት ስትል ከእጇ ወደቀ። አንስታ እንደገና ያዘችው። ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ልታነሳው ስትል እኔ አነሳሁላት።

"ጣቱ መንገድ ይዘጋብኛል" አለች። "ጨርቁ ውስጥ ይገባል።"

"ጠንክሮብሽ ነው። ልምምዱን ቀጥይ። ስመለስ እናየዋለን።"

"መቼ ነው የሚመለሱት?"

"ግንቦት ላይ።"

"ግንቦት" አለች። መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ጥሩ ልጅ ናት፤ አትጨቃጨቅም። ብትጨቃጨቅ ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮ አልቀረጽኩም። ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም።

ነበረው።

ህዳር 17

አየር ማረፊያ። እማዬ አለቀሰች። ዶክተር ፍስሐ፦ "ስሜን አትርሳ።" ፈድሊያ አልመጣችም፤ ተረኛ ናት። ተረኛ መሆኗን አላጣራሁም።

ህዳር 20

ህንድ፣ ሦስተኛ ቀን። ሙቀቱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ዛሬ ሌላ ነገር አለ።

ሆስፒታሉ ውስጥ እጅ ብቻ የሚታይበት አንድ ሙሉ ፎቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ጅማታቸው የተሰፋላቸው ታካሚዎች ወደ ቴራፒስቷ ይገባሉ። ወፍራም መነጽር ያላት፣ ቁጣ ቁጣ የሚላት ሴት ናት። ዛሬ አንድ ገበሬ ገባ፤ ትናንት ነው የተሰፋው፤ ቀኝ እጁ ነው። ከሚስቱ ጋር ነው የመጣው። እኔ አሁን "ያምሃል?" ትለዋለች ብዬ ደብተሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ሰውዬው አፈረ፤ ሚስቱ ሳቀች።

አጠገቤ ያለውን ሐኪም "ምን አለችው?" አልኩት።

"ማን ያጎርስሃል? አለችው።"

ግራ ሲገባኝ አይቶ አስረዳኝ። እዚህም ሰው በቀኝ እጁ ነው የሚበላው፤ በግራ መብላት ነውር ነው። ድጋፉን ለሥራ የሚያወልቅ የለም፤ ለምግብ ግን ሁሉም ያወልቃል፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሚስት ታጎርሰዋለች ወይስ ልጅ? ማንም ከሌለ፣ በግራው በማንኪያ እንዲበላ በቤተሰቡ ፊት ፈቃድ ይሰጠዋል። "የቴራፒስቷ ትእዛዝ ነው" ብሎ ለእንግዳ የሚያሳየው ወረቀት እንኳ አለው።

ከዚያ በኋላ ስለተባለው አንድም ነገር አልጻፍኩም። ደብተሩ ላይ ያለው "ማን ያጎርስሃል" የሚል ብቻ ነው። ግራ እጁን ዘርግቶ በየቀኑ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው እያለ፣ እኔ ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩት ሰውዬ፣ ይህን ልሰማ ባሕር ተሻገርኩ።

ህዳር 21

ለፈድሊያ ደወልኩ። ሳሊሀን ጠይቂልኝ አልኳት። "ምን ብዬ ልጠይቃት?" አለችኝ። እንዴት ትበላ እንደነበር አልኳት። "ያ ረቢ" አለች።

ህዳር 22

ፈድሊያ መልሳ ደወለች። እንደነገረችኝ ልጻፈው።

"የጋብቻዋ እንግዳ ገና አላለቀም ነበር፤ በየሳምንቱ ዘመድ ይመጣል። አዲስ ሙሽራ በአማቷ ፊት፣ ከእንግዳ ጋር አንድ ትሪ ላይ በግራ እጇ ትብላ? ወላሂ አይታሰብም። ድጋፉን ለምግብ ብቻ ታወልቀው ነበር። ታጥባ፣ በልታ፣ መልሳ ታስረዋለች። በደንብ አስሬዋለሁ ነው የምትለው፤ ንጽሕናውንም ጠብቄ።"

"መቼ ነው የተበጠሰው?"

"ጥቅምት 17። የበቆሎ ቂጣ ስትቆርስ። ያደረ ነበር፣ ደረቅ። ‘እንደ ክር ጧ አለብኝ’ አለች።"

"ለምን አልነገረችንም? ጠይቄያታለሁ እኮ!"

"ሥራ ሠርተሻል ወይ ነው ያልካት፣ ዶክተር። መብላት ሥራ ነው እንዴ?"

ደብተሬን ገልብጬ ጥቅምት 21ን አወጣሁ።

"ደግሞ ፈርታለች" አለች ፈድሊያ። "ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ነው የምታስበው። አማቷም ቂጣው ላይ መበጠሱን እስከ ዛሬ አያውቁም።"

ህዳር 24

የማቀርበው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስላይዶቹ ተሠርተዋል። የቁስሉ ፎቶ፣ የስፌቱ ፎቶ፣ ከዚያ የጥቅምት 14ቱ ቪዲዮ፤ አርባ ሰከንድ፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ። ቪዲዮው ላይ ቀን አልተጻፈም። "ውጤት" ብዬ ብጽፍበት ማን ያውቃል? ማንም። ዶክተር ፍስሐም ያን ነው የጠየቁኝ፤ ቪዲዮው አለህ አይደል።

አሁን አንድ ነገር ላርም። ጥቅምት 21 ላይ "አልሞከርኩትም" ብዬ ጽፌያለሁ። ሞክሬዋለሁ። ፈድሊያ ፋሻ ልታመጣ ዞር ስትል አንጓዋን ይዤ ወደ ኋላ አጠፍኩት። ሦስቱ ጣቶች ጎበጥ አሉ። የቀለበት ጣቷ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ተጣብቆ ነው አልኩ። ማንም ለማያነበው ደብተር ዋሸሁ። ይህን ያህል ነው የፈራሁት።

የፈራሁት ምኑን ነው? ቦታው እንዳይቀር። የዶክተር ፍስሐ ስም። የእማዬ ስለት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሲጠቃለል፣ እጅ ማዳን ልማር ብዬ እጅ ጥዬ መጣሁ። የቂጣው ጥፋት ያለማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ስድስት ቀናት ግን የኔ ናቸው።

ህዳር 27

አቀረብኩ።

ክፍሉ ውስጥ አርባ ሰው ይሆናል። ኃላፊዋ ፕሮፌሰር ላክሽሚ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ቪዲዮው ሲታይ አንዱ "በጣም ጥሩ" አለ። ቀጥሎ ሌላ ስላይድ ነበረኝ። ትናንት ፈድሊያ አጋሮ ሄዳ ያነሳችው ፎቶ ነው። አንድ እጅ፣ አንድ ቀጥ ያለ ጣት። "የመጀመሪያው ሦስተኛ ሳምንት ነው" አልኩ። "ይሄኛው የትናንት ነው።"

ፕሮፌሰሯ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። "መቼ ነው የተበጠሰው?"

"በሃያ አራተኛው ቀን።"

"አንተ መቼ አየኸው?"

"በሃያ ስምንተኛው።"

"በአራት ቀኑ! እንደገና መስፋት ይቻል ነበር። ምን አደረግክ?"

"ሻንጣ ሸከፍኩ" አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። እሳቸው አልሳቁም። ስላይዱን የሚያዞረውን ቁልፍ ይዤ ቆምኩ። ያባርሩኛል፣ ለዶክተር ፍስሐ ይጽፉላቸዋል፣ ምን ብዬ ነው እማዬ ፊት የምቆመው።

"ለሷስ ነግረሃታል?" አሉኝ።

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲያው ከሷ በፊት ለእኛ ነገርከን ማለት ነው" አሉ። ቀጥለው፣ እስከ ግንቦት የዚህ ዓይነት የቆየ ጉዳት ያለባቸው ስድስት ሰባት ሰዎች እንደሚመጡ፣ ሁሉም ላይ ቆሜ እንደማግዝ ነገሩኝ። ከዚያ "ቀጣይ" አሉ።

አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ አርፍ ነበር የምል ዓይነት ሰው መሆኔን ዛሬ አወቅኩ።

ታህሳስ 12

የቆየ ጉዳት ላይ ቆሜ ሳግዝ ዛሬ ሁለተኛዬ ነው። ሥራው በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ የተዘጋው መንገድ ተከፍቶ ለስላሳ ዘንግ ይቀበርበታል፤ ከሦስት ወር በኋላ ዘንጉ ወጥቶ በምትኩ ከክንድ የተወሰደ ጅማት ይሳባል። ረጅም ነው። የሳሊሀን በጥቅምት 22 ብከፍተው ኖሮ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

ዛሬ ለታካሚዎቻችን የሚሰጥ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አንደኛው መስመር "ማን ያጎርስሻል?" ይላል። ሁለተኛው፣ "ማንም ከሌለ በግራ እጅሽ ብዪ፤ ነውሩ የሐኪምሽ ነው።" ወደ ኦሮምኛ እንድትመልሰው ለፈድሊያ ላክሁላት። መለሰችልኝ፤ ከሥሩ እንዲህ ጽፋበታለች፦ "ይሄንን ለማወቅ ህንድ ድረስ መሄድ ነበረብህ? አዴ ፈሂማን አንድ ሻይ ጋብዘህ ብትጠይቃቸው ይነግሩህ ነበር።"

ለሳሊሀ አልደወልኩም።

ታህሳስ 20

አልደወልኩም። መስመሩ መጥፎ ነው።

ታህሳስ 29

ገና። ብቻዬን። እማዬ ደወለች፤ "ሰው ሁሉ ዳነ ወይ እያለኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?" አለች። "እየተሻለው ነው በያቸው" አልኳት። ስለ ብርጭቆው ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችኝም፤ ጾሙን መጾሜን ነው የጠየቀችው።

መስመሩ ደህና ነበር።

ጥር 4

ደወልኩ። ከምሳ በኋላ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ።

"ዶክተር!" አለች። ደስ ያላት ትመስላለች። ይህ ነገሩን አባሰብኝ። ከኋላዋ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ የሷ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። የባልደረባዋ ኖሯል። እሷ አሁን ቁልፍና ዚፕ ነው የምትተክለው፤ መቁረጡን ሌላ ሰው ይቆርጥላታል።

ነገርኳት። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። "ሳሊሀ፣ የቂጣው ጥፋት ያንቺ አይደለም። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩሽ። ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ስትመጪ መበጠሱን አውቄ ነበር። ያኔውኑ ቢከፈት ይሰፋ ነበር። ጉዞዬ እንዳይቀር ብዬ ዝም አልኩሽ።"

መኪናው ቆመ። ባልደረባዋም እየሰማች መሰለኝ።

"አውቃለሁ" አለች።

"ፈድሊያ ነገረችሽ?"

"ኧረ እሷ ምንም አላለችኝም። ያን ቀን እጄን ይዘው ወደ ኋላ ሲያጥፉት ፊትዎ ተለወጠ። ከዚያ ሰዓትዎን አዩ።" ቀጥላ፣ "በሳምንቱ ለምን ያለ ቀጠሮ እንደመጣሁ መሰለዎት? ምናልባት ዛሬ ሰዓት ካላቸው ብዬ ነው" አለች።

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታውን ተቀብላ ይሁን አልፋው አላወቅኩም፤ "ኤዬ" ብቻ አለች፤ በኦሮምኛ "አዎ" ማለት ነው። ከዚያ የሁለቱን ዙር ሥራ አስረዳኋት፤ መንገዱን፣ ዘንጉን፣ የሚሳበውን ጅማት።

"ለቀሚስ ወገብ ላስቲክ እንደምናስገባው?"

"ልክ እንደዚያ።"

"እሱስ ይገባኛል። ላስቲኩ መሀል ላይ ከተጠመዘዘ ግን ሁሉንም መተርተር ነው።"

"አዎ። መቶ በመቶ ይሆናል ብዬ ቃል አልሰጥሽም" አልኳት። በዚህ ዓመት ለሷ የተናገርኩት የመጀመሪያ ትክክለኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም። "በኔ እጅ መሠራት ካልፈለግሽም ይገባኛል። አዲስ አበባ እጽፍልሻለሁ።"

"አዲስ አበባ ሦስት ወር የት ተቀምጬ? እዚህ ሌላ የሚያውቅ ሐኪም አለ?"

"እዚያማ የለም።"

የስፌት መኪናው እንደገና መሥራት ጀመረ። ከዚያ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ሱቅ ለመጣ ሰው ልብሱ የሚደርስበትን ቀን እንደሚነግሩት አድርጋ፣

"እንግዲያው በደንብ ይማሩ" አለችኝ።

ነገ ሦስተኛው አለ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ፕሮፌሰሯ ዘንጉን አንተ ነህ የምታስገባው ብለውኛል።